የመሰላሉ ጫፍ ለማን ነው? ሥራ ፈላጊዎችና የሙያ ድርጅቶች

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን የሚያዋስኑ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር ከተማ በተባለው አዲስ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። እዚያው ተወልደው ካደጉትም ሆነ የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገፍቶ ካመጣቸው ወጣቶች መካከል የአካውንቲንግ፣ የሕግና የምሕንድስና ምሩቃን ጥቂት አይደሉም። ዲግሪያቸውን ይዘው፣ በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፈው ሥራ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያ የሚያነቡት አራት ኪሎ ከሚለጠፈው ሰሌዳ፣ ከሪፖርተር ጋዜጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቴሌግራም ቻናሎች ነው።

አንድ የአካውንቲንግ ምሩቅ በዚህ ፍለጋ ውስጥ በብዛት የሚያገኘው ሦስት ዓይነት ቀጣሪ ነው። አንደኛው መንግሥት ነው፤ ወረዳው፣ ክፍለ ከተማው፣ ገቢዎች። ሁለተኛው ባንክ ነው። ሦስተኛው የሙያ ድርጅት ነው፤ የኦዲት፣ የጥብቅና ወይም የማማከር ቢሮ። የሙያ ድርጅት የሚባለው ዕቃ አምርቶ ሳይሆን የሠራተኞቹን ዕውቀትና ፊርማ ሸጦ የሚያድር ድርጅት ነው። ማሽን የለውም፣ መጋዘን የለውም። ስለዚህ ጎበዝ ወጣት መሳብ ካልቻለ ገንዘብ ቢኖረውም የሚሸጠው ነገር አይኖረውም።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ወጣቱ ከሦስቱ አንዱን ሲመርጥ ምኑን ዓይቶ ነው? ቶሎ የሚመጣው መልስ «ደመወዙን» የሚል ነው። ደመወዝ ይታያል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ደመወዝ ብዙም በማይራራቅበት ገበያ ሚዛን የሚደፋው ሌላ ነገር ነው፦ «ገብቼ የት እደርሳለሁ? በስንት ዓመት? የሚያደርሰኝስ ሥራዬ ነው ወይስ የማውቀው ሰው?» የድርጅቱ የዕድገት ሥርዓት ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ፣ አንድ ወጣት ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት ሐሳቡን ያስቆርጠዋል ወይም ያስቀይረዋል።

በዓለም ላይ በሙያ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀው የዕድገት ሥርዓት «ወይ ውጣ፣ ወይ ልቀቅ» የሚለው ነው። መነሻው የኒውዮርክ የጥብቅና ቢሮዎች ናቸው። ፖል ክራቫት የተባለ ጠበቃ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከታወቁ የሕግ ትምህርት ቤቶች አንደኛ የወጡትን ተማሪዎች በቀጥታ መቅጠር፣ ለተወሰኑ ዓመታት በብርቱ ማሠልጠን፣ ከዚያ ጥቂቶቹን ወደ ሸሪክነት ከፍ አድርጎ የቀሩትን ማሰናበት ጀመረ። ሸሪክ ማለት ከደመወዝተኛነት ወጥቶ የድርጅቱ ባለቤትና የትርፉ ተካፋይ የሚሆን ባለሙያ ነው። ማኪንዚን የመሰሉ የማማከር ድርጅቶችም፣ ትልልቆቹ የኦዲት ድርጅቶችም ይህንኑ መንገድ ተከተሉ።

ይህ ሥርዓት ጨካኝ ይመስላል፤ በብዙ መልኩም ጨካኝ ነው። ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት ወጣት ሲሻማበት ኖሯል። ኤድዋርድ ላዚርና ሸርዊን ሮዘን የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት ምክንያቱን በውድድር አስረድተዋል። ከላይ ያለው ሽልማት በጣም ትልቅ ሲሆን፣ አሸናፊው የሚለይበት መንገድም ሲታወቅ፣ ከታች ያሉት ዛሬ ለሚያገኙት ሳይሆን ነገ ሊያገኙት ለሚችሉት ብለው ይለፋሉ። በዚያ ላይ የተሰናበተውም ባዶ እጁን አይወጣም። የታወቀ ድርጅት ውስጥ አራት አምስት ዓመት መቆየቱ ራሱ ምስክር ሆኖት ሌላ ቦታ በተሻለ ደመወዝ ይቀጠራል። እንግዲህ ሥርዓቱን የሚያቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በግልጽ የሚታይ ጫፍ፣ እና ጫፉ ላይ ላልደረሰው ክፍት የሆነ ሰፊ የሥራ ገበያ። አንዱ ከጎደለ ሥርዓቱ ወጣት መሳቡን ትቶ ያባርራል።

ይህን ይዞ ወደ አገር ቤት መመለስ ይገባል።

የመንግሥት ሥራ መሰላል ከሁሉም ይበልጥ የተጻፈ ነው። ደረጃው፣ እርከኑ፣ ለየደረጃው የሚጠየቀው የትምህርትና የልምድ ዓመት በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ሠራተኛው ወደ ላይ ባይወጣ እንኳ ከቦታው የሚያነሳው የለም ማለት ይቻላል። ችግሩ መሰላሉ አጭር መሆኑ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ብር ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነበር ከፍ ያለው። ቀድሞ ከላይ ያለው ከታች ካለው አሥራ ሦስት እጥፍ በላይ ያገኝ የነበረው ወደ አራት እጥፍ ተኩል ወረደ ማለት ነው። የኑሮ ውድነት ላደቀቀው የበታች ሠራተኛ ይህ ተገቢ ነበር። ለሥራ ፈላጊው ምሩቅ ግን «ሃያ ዓመት ለፍተህ የምትደርስበት ቦታ ከምትጀምርበት ብዙም አይርቅም» የሚል መልእክት ነበረው። ከ2018 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ዝቅተኛው 6,000፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ጀማሪ 11,500፣ ከፍተኛው ደግሞ 39,000 ብር ሲሆን ልዩነቱ እንደገና በመጠኑ ሰፋ። ያም ሆኖ ከዲግሪ ጀማሪው እስከ ጣሪያው ያለው ርቀት ሦስት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም።

የባንክ መሰላል ሌላ ነው። ሠልጣኝ ሆኖ ተገብቶ፣ ጁኒየር፣ ኦፊሰር፣ ሲኒየር፣ ከዚያ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይኮናል። ባንኮች በየሰፈሩ ቅርንጫፍ ሲከፍቱ በኖሩባቸው ዓመታት እያንዳንዱ አዲስ ቅርንጫፍ አዲስ የሥራ አስኪያጅ ወንበር ይዞ ይመጣ ነበር፤ በሰበታና በቡራዩ አውራ ጎዳና ላይ የተደረደሩትን ቅርንጫፎች ያየ ወጣት መሰላሉን በዓይኑ እያየው ነው ያደገው። በዚያ ላይ ለሠራተኛ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤትና የመኪና ብድር አለ። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከደመወዙ በላይ ክብደት የሚሰጡት ብዙ ናቸው።

ወደ ኦዲት ድርጅቱ እንለፍ። ሥራው እንዴት እንደሆነ ለማየት ከሰኔ 30 የተሻለ ቀን የለም። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በዚያ ቀን ነውና የየፋብሪካው መጋዘን ይቆጠራል። ሰበታና ዓለምገና የጨርቃ ጨርቅ፣ የመጠጥ፣ የምግብና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች የተሰበሰቡበት አካባቢ ነው፤ ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ብቻውን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በክረምቱ ጭቃ መካከል፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ አንድ ጁኒየር ኦዲተር ከመጋዘኑ በር ላይ ይቆማል። ዕቃ መግባትና መውጣት ይቆማል። የፋብሪካው ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ እየቆጠረ ይጠራል፣ ሌላው በቆጠራ ቅጹ ላይ ይጽፋል። ጁኒየሩ ከቅጹ ላይ አንዳንድ ዕቃ መርጦ መደርደሪያው ላይ መኖሩን ያያል፤ ከመደርደሪያውም መርጦ ቅጹ ላይ መጻፉን ያያል። ያልተከፈተ ካርቶን ያስከፍታል። ጊዜው ያለፈበትን ለብቻ ያስመዘግባል። ማታ በቅጹ ላይ ይፈርማል። ያ ፊርማ የፋብሪካው ዓመታዊ ሒሳብ ከሚቆምባቸው መሠረቶች አንዱ ነው። ከዚያ ቀን አንሥቶ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ሒሳባቸውን እስከሚያስገቡበት እስከ ጥቅምት 30 ድረስ እንቅልፍ የለም።

ከዲግሪ በኋላ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በሌላ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ጁኒየሩ የቢራ፣ የአበባ፣ የውኃ፣ የሲሚንቶና የሆስፒታል ሒሳብ ያያል። ታዲያ ይህን ያህል የሚያስተምር ሥራ ለምን የብዙዎች የመጀመሪያ ምርጫ ሳይሆን ይቀራል? ለምንስ የገቡበት ሁለትና ሦስት ዓመት ቆይተው ወደ ባንክ፣ ወደ ድርጅቶች የፋይናንስ ክፍልና ወደ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ያልፋሉ? ምክንያቱ ሥራው መክበዱ ብቻ አይደለም። መሰላሉ መሐል ላይ የጎደለ መሆኑ ነው።

ከጁኒየር ወደ ሲኒየር መውጣት በልፋት ይቻላል። ከዚያ በላይ ግን የሙያ ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 እና እሱን ተከትሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ዓለም አቀፍ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃዎች በሥራ ላይ እንዲውሉ አደረጉ፤ ትልልቆቹ የመንግሥት ድርጅቶችና የፋይናንስ ተቋማት ከ2010 የበጀት ዓመት ጀምረዋል። በተመሰከረለት ኦዲተርነት ለመፈረም እንደ ኤሲሲኤ ያለ ዕውቅና ያለው የሙያ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ኤሲሲኤ ደግሞ 13 የፈተና ዓይነቶችና የ36 ወር የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ነው። ክፍያው በፓውንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲተው አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ፤ ፓውንዱም አብሮ ወጣ። በብር ደመወዝ የሚኖር ጁኒየር በአንድ ክረምት የፈተናው ዋጋ እጥፍ ሆነበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ድርጅቱ ምን ያደርጋል? የቺካጎው ምሁር ጋሪ ቤከር ከስልሳ ዓመት በፊት ያነሣው ክርክር ነው። የትም ተይዞ የሚኬድ ሙያ ለሠራተኛው ያስተማረ ድርጅት፣ ወጪውን ከፍሎ ፍሬውን ለሌላ የማስረከብ ሥጋት አለበት። ስለዚህ አንዳንዱ ጭራሽ አይከፍልም፤ አንዳንዱ ከፍሎ በግዴታ ውልና በዋስ ያስራል። ሁለቱም ወጣቱን ያሸሻሉ። ለመፈተኛው ከፍሎ፣ ወረቀቱን ላመጣ ሰው ሊደርስበት የሚችለውን ቀጣይ ወንበር አስቀድሞ በጽሑፍ የሚያሳይ ድርጅት ግን በውል ማሰር ሳያስፈልገው ሰው ያቆያል። ሰው የሚለቀው ያስተማሩትን ስለጠላ ሳይሆን ከተማረ በኋላ መቀመጫ ስላጣ ነው።

ያ ቀጣይ ወንበር የድርጅቱ ባለቤትነት ነው፤ በአገራችን የሙያ ድርጅቶች ዘንድ ከሁሉም የተሸፈነውም እሱ ነው። በአብዛኛው ድርጅቱ በመሥራቹ ስም ይጠራል። መሥራቹ ለፍተው ያቋቋሙት ነውና በስማቸው መጠራቱ ክብራቸው ነው። ግን ከታች የሚገባው ወጣት ያንን ስም ሲያነብ ጫፉ ቀድሞውኑ እንደተያዘ ይረዳል። አሥራ አምስት ዓመት ቢሠራ ምናልባት ሥራ አስኪያጅ፣ ምናልባት የመሥራቹ ቀኝ እጅ ይሆናል፤ ባለቤት ግን የመሆኑ ነገር በማንም አፍ አይነሣም። ከዚህ በላይ ጎበዝ ሰው የሚያርቅ ነገር የለም።

በጥብቅናው በኩል ለረጅም ጊዜ ጥፋቱ የሕጉ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 199 መሠረት የጥብቅና ፈቃድ የግለሰብ ነበር። ጠበቆች አንድ ቢሮ ቢጋሩም በሕግ ዓይን ሰውነት ያለው ድርጅት አልነበራቸውም፤ ሸሪክ የሚባል ማዕረግ በቢዝነስ ካርድ ላይ ሊጻፍ ይችል እንደሆነ እንጂ የትርፍ ድርሻን፣ የመውጫ ክፍያን፣ የመሥራቹን መተካት የሚዳኝ ሕጋዊ መሠረት ደካማ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ተለወጡ። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር የሚባል አደረጃጀት አመጣ። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ ጠበቆች በድርጅት መልክ እንዲቋቋሙ ፈቀደ። ለወጣቱ የሕግ ባለሙያ ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ «በዚህ ድርጅት ሸሪክ ለመሆን ምን ያስፈልጋል?» ብሎ ሲጠይቅ በሕግ የቆመ መልስ ሊያገኝ ይችላል።

የዙሪያው ከተሞች ወጣት ጠበቃ ግን ተጨማሪ ሒሳብ አለበት። ቡራዩ ውስጥ የሚነሣ የመሬት ወይም የውርስ ክርክር የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች ነው፤ እዚያ ለመቆም የሚያስፈልገውም የክልሉ ፈቃድ ነው። ካዛንቺስ ወይም ቦሌ ያለ የፌዴራል ድርጅት ውስጥ ቢገባ ባንክና የውጭ ባለሀብት ያገኛል፤ ሰፈሩ ቢቀር ደግሞ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ በአፋን ኦሮሞ ሊያናግረው የሚመጣውን ገበሬ ያገኛል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ትንሽ ቢሮ ከፍቶ ከመጀመሪያው ቀን ባለቤት መሆን ይችላል። ሸሪክነት የማይታሰብበት ድርጅት ከዚህች ትንሽ ቢሮ ጋር መወዳደር አይችልም።

ታዲያ የኒውዮርኩን «ወይ ውጣ፣ ወይ ልቀቅ» እዚህ ማምጣት ይጠቅማል? በፍጹም አይጠቅምም። በመጀመሪያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ በኋላ ሠራተኛን ለማሰናበት ከሥራ ችሎታው፣ ከጠባዩ ወይም ከድርጅቱ ሁኔታ የሚነሣ በቂ ምክንያት ይጠይቃል፤ ዕድገት አለማግኘት ብቻውን ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ሁለተኛውና የሚከብደው ገበያው ነው። ኒውዮርክ ላይ የተሰናበተ ጠበቃ ሌላ ቢሮ የመግባት ሰፊ ዕድል አለው። እዚህ የአንድ ጁኒየር ደመወዝ አብዛኛውን ጊዜ የእናትና የታናናሾች ወጪ ጭምር ነው። ቤተሰብ የሚጦር ወጣት ከአምስት ዓመት በኋላ «ልቀቅ» ሊባል ወደሚችልበት ቦታ ልቡ እያወቀ አይገባም። ሥርዓቱን ያመጣው የኒውዮርክ ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በደመወዝ የሚከፈሉ ሸሪኮች ያሉበት ሁለተኛ እርከን ጨምሯል፤ ሁሉንም ወይ ባለቤት ወይ ተሰናባች የማድረጉ ነገር ለእነሱም አልዘለቀም።

ስለ ሴቶች ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። በሙያ ድርጅት ከሲኒየር ወደ ሥራ አስኪያጅ የሚወጣበት ዕድሜ ከሃያ ሰባት እስከ ሠላሳ አምስት ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ትዳርና ወሊድም እዚያው ላይ ነው። ሕጉ የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። ነገር ግን የኦዲት ወቅት ሲመጣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከቢሮ ወጥታ፣ በአዲሱ ገበያ አድርጋ እንጦጦን ተሻግራ ሱሉልታ የምትገባ እናት የሚያስፈልጋት ከፈቃዱ በላይ ነው። ዕድገት የሚለካው በማምሸት ከሆነ፣ መሰላሉ ማንን እንደሚጥል ሥራ ፈላጊዋ ገና ከማመልከቷ በፊት ታውቃለች። ሰበታ ወይም ሱሉልታ ያሉ ደንበኞችን በአቅራቢያው ለሚኖር ሠራተኛ መመደብ አንዱ መፍትሔ ነው፤ ለድርጅቱም የመኪናና የአበል ወጪ ይቀንስለታል፣ አካባቢውንና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰውም ያገኛል።

ከውስጥ ማሳደግ ወጣት እንደሚስብ የሚያሳይ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። የሙያ ድርጅት ባይሆንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ምሳሌ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት መስፍን ጣሰው እ.ኤ.አ. በ1984 በጀማሪ መሐንዲስነት ገብተው ነው እዚያ የደረሱት፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ተወልደ ገብረማርያምም እንዲሁ ከታች የተነሡ ናቸው። የአየር መንገዱ አካዳሚ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚሰለፈው ወጣት ደመወዙን ብቻ አይደለም የሚያየው። ከታች ጀምሮ ጫፍ የደረሰ ሰው በስም ያውቃል።

የሙያ ድርጅቶች ይህን ለማሰብ ያላቸው ጊዜ ረጅም አይደለም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ መጀመሩ ታወጀ፤ ባንኮች የካፒታል ገበያ አማካሪ ኩባንያዎች እያቋቋሙ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ደሎይትንና ኤርነስት ኤንድ ያንግን የመሰሉ ዓለም አቀፍ ስሞችም አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ ይዘው ከጁኒየር እስከ ሸሪክ ያለውን እርከን በግልጽ ያሳያሉ። ሰበታ ላይ መጋዘን ቆጥሮ የተማረው ልጅ የሚፈለግበት ቦታ እየበዛ ነው።

ስለዚህ ቢሮ ያላቸው ባለሙያዎች ከዛሬ ጀምረው ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። አሁን የሚወጣው ማስታወቂያ «ተፈላጊ ችሎታ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝ በስምምነት» ብሎ ያበቃል። በእሱ ላይ ሦስት መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ እርከኖቹ የትኞቹ እንደሆኑና በየስንት ዓመቱ ግምገማ እንደሚደረግ፤ የፈተና ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን፤ ከጁኒየርነት ተነሥተው ሸሪክ የሆኑ ሰዎች ስንት እንደሆኑ። የመጨረሻው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ሽርክናው ከስንት ዓመት በኋላ፣ በምን መስፈርት፣ በስንት መቶኛ ድርሻ እንደሚከፈት በመተዳደሪያ ደንብ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል፤ የ2013ቱ ሕጎች ይህን ይፈቅዳሉ። ሥራ ፈላጊዎችም ለቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ አለህ? ጥያቄ አለሽ?» ሲባሉ አንገት ደፍቶ «የለኝም» ማለት ቀርቶ፣ ይህንኑ ቁጥር በአክብሮት መጠየቅ መብታቸው ነው።